ከማሽን አዳራሽ እስከ ጭን ኮምፒዩተር
በሙዚቃ ሥራ «ኃይል» የተባለው መመዘኛ ታሪካዊ ዕድገት

የሙዚቃ ታሪክ የድምፃውያንና የዜማ ደራስያን ታሪክ ብቻ አይደለም፤ የመሣሪያዎችም ታሪክ ነው። ቆዳ ወጥሮ ከበሮ ያበጀው፣ የፈረስ ጭራ ገትሮ መሲንቆ የሠራው፣ ሸንበቆ በስቶ ዋሽንት ያወጣው እጅ የሙዚቃን መልክ በመወሰን ረገድ ከዜመኛው ያላነሰ ድርሻ አለው። መሣሪያ በተለወጠ ቁጥር የሙዚቃው አሠራር ይለወጣል፤ በሥራው የሚሰማሩት ሰዎች ቁጥርና የሥራ ክፍፍላቸው ይለወጣል፤ የሥራው መሣሪያ በማን እጅ ይገኛል የሚለው ጥያቄም አዲስ መልስ ያገኛል።

ይህን ለውጥ በዘመናችን ከሁሉ ይበልጥ አጉልቶ የሚያሳየው መሣሪያ ላፕቶፕ እየተባለ የሚጠራው የጭን ኮምፒዩተር ነው። ቀድሞ አንድ ሙሉ ስቱዲዮ ያከናውን የነበረውን ቀረጻ፣ ቅንብርና ድብለቃ ዛሬ ይህ መሣሪያ ከሶፍትዌር ጋር ሆኖ ያከናውናል። ይሁንና አንድ የባህል ኪነት ቡድን፣ አንድ የሙዚቃ መምህር ወይም አንድ ወጣት አቀናባሪ አብዛኛውን ጊዜ ሊገዛ የሚችለው አንድ ማሽን ብቻ ነው። በምርጫው ቢሳሳት የሚባክነው ገንዘብ ብቻ አይደለም። አንድ አዛውንት በገና ደርዳሪ በሕይወት ሳሉ በሚገባ ያልተቀዳ ዜማ በኋላ በምንም ገንዘብ አይገኝም።

ሻጩ «ይህ ኃይለኛ ነው» ይላል። ለመሆኑ ለሙዚቃ ሥራ ኃይል ማለት ምን ማለት ነው? ይህ ቃል በየዘመኑ የተለያየ ትርጉም ነበረው። ትርጉሙ እንዴት እንደተለዋወጠ ያወቀ ሰው ምን መግዛት እንዳለበትም ለማወቅ ቅርብ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ድምፅን መያዝ፤ የሽቦና የቴፕ ዘመን

በ1944 ዓ.ም. በካይሮ ከተማ ሐሊም ኤል ዳብህ የተባለ ወጣት ግብፃዊ ከአንድ የሬዲዮ ጣቢያ የሽቦ መቅረጫ ተውሶ የዛር ሥርዓት ወደሚካሄድበት ስፍራ ሄደ። በብረት ሽቦ ላይ የቀዳውን የሴቶች ዝማሬ ወደ ስቱዲዮ ወስዶ ከፊሉን አስወገደ፤ ማሚቶ ጨመረበት፤ የድምፁን ባሕርይ ለወጠው። ፒየር ሼፈር በፓሪስ ከተቀዱ ድምፆች የተቀነባበረ ሙዚቃውን በ1948 ለዓለም ከማሰማቱ አራት ዓመት ቀድሞ የተሠራው ይህ ሥራ፣ የተቀዳ ድምፅ ራሱ የቅንብር ጥሬ ዕቃ ሊሆን እንደሚችል ካረጋገጡት የመጀመሪያ ሙከራዎች አንዱ ነው።

ይኸው ሰው ኋላ በኒው ዮርክ በሚገኘው የኮሎምቢያና ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ሠርቷል። ከዚያም በ1962 ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በዩኒቨርሲቲው አስተምሯል። በ1963 የተመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያም የእርሱ ጥረት ውጤት ነበር። በተለያዩ ሕዝቦች ዘንድ በየፊናቸው ይደመጡ የነበሩት ክራር፣ መሲንቆ፣ ዋሽንት፣ እምቢልታና በገና በአንድ መድረክ ላይ ተሰባሰቡ። ኋላም ተስፋዬ ለማ ቡድኑን በመምራት ሥራውን ቀጠለበት። በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ፈር ከቀደዱት አንዱ የሆነው ሰው የኢትዮጵያን የባህል መሣሪያዎች ያቀናጀ መሆኑ ለዚህ ጽሑፍ ጭብጥ ትልቅ ትርጉም አለው። አዲሱ መሣሪያና ጥንታዊው መሣሪያ ባላጋራዎች ተደርገው ሊታዩ እንደማይገባ ያስተምራልና።

በዚያ ዘመን ኃይል ማለት ድምፅን መያዝ መቻል ነበር። መቅረጫ ያለው ስቱዲዮ ጥቂት ነው፤ የስቱዲዮው በር ጠባቂም ብዙ ነው። በኢትዮጵያ አምሐ እሸቴ በ1969 የሸክላ አሳታሚ ድርጅቱን ባቋቋመበት ጊዜ ዜማው የሚቀዳው በአዲስ አበባ ቢሆንም ሸክላው የሚታተመው ባሕር ተሻግሮ በውጭ አገር ነበር። ድምፃዊውና አድማጩ በአንድ ከተማ እየኖሩ በመካከላቸው የሌላ አገር ፋብሪካ ነበረ ማለት ነው።

2. ቁጥር ድምፅ ሲሆን

ኮምፒዩተር ከሙዚቃ ጋር የተዋወቀው ገና በልጅነቱ ነው። በ1951 በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር የነበረው የፌራንቲ ማሽን ጥቂት የታወቁ ዜማዎችን ሲያሰማ ቢቢሲ ቀድቶታል። ይሁን እንጂ ያ ማሽን ያሰማው የነበረው በማስጠንቀቂያ ጩኸቱ የተገኘ ቃና እንጂ የድምፅን ሞገድ ራሱን እያሰላ አልነበረም።

ወሳኙ እርምጃ በ1957 መጣ። በአሜሪካ የቤል ቤተ ሙከራዎች መሐንዲስ የነበረው ማክስ ማቲውስ «ሚውዚክ» የተባለውን ፕሮግራም ጻፈ። የተጠቀመበት ማሽን አይ ቢ ኤም 704 የተባለው ሲሆን፣ ሰፊ ክፍል የሚይዝ፣ በቫኪዩም ቱቦ የሚሠራ፣ ማኅደረ ትውስታው ቢበዛ 32,768 የቁጥር ቃላት ብቻ የሚይዝ ነበር። ዛሬ 16 ጊጋባይት ማኅደረ ትውስታ ያለው ተራ ላፕቶፕ ከዚያ ማሽን ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ይይዛል። በዚያ ማሽን የተሠራው የመጀመሪያው ቁራጭ ሙዚቃ ርዝመቱ 17 ሴኮንድ ነበር። ማሽኑ በኒው ዮርክ ከተማ ስለሚገኝ ስሌቱ እዚያ ይከናወናል፤ ቁጥሩን የያዘው መግነጢሳዊ ቴፕ ደግሞ ወደ ኒው ጀርሲ ተወስዶ ቁጥርን ወደ ድምፅ በሚለውጠው መሣሪያ ላይ ይጫወታል። አቀናባሪው የሠራውን የሚሰማው መንገድ ከተጓዘ በኋላ ነበር።

የአሠራሩ መሠረተ ሐሳብ ግን እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ድምፅ የአየር ግፊት መለዋወጥ ነው። ይህን መለዋወጥ በሴኮንድ ውስጥ እጅግ ብዙ ጊዜ እየለኩ ልኬቱን በቁጥር መመዝገብ ይቻላል። ሃሪ ናይኲስትና ክሎድ ሻነን በሥራዎቻቸው እንዳሳዩት፣ አንድን ንዝረት በትክክል ለመመዝገብ የልኬቱ ብዛት ከንዝረቱ ብዛት ቢያንስ እጥፍ መብለጥ አለበት። የሰው ጆሮ በሴኮንድ እስከ 20,000 የሚደርስ ንዝረት ስለሚሰማ በ1982 ለገበያ የቀረበው ኮምፓክት ዲስክ በሴኮንድ 44,100 ልኬቶችን እንዲይዝ ተደረገ። ዛሬ በስቱዲዮ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ልኬት 48,000 ሲሆን እያንዳንዱ ልኬት በ24 ቢት ይጻፋል። በዚህ ስሌት የአንድ ማይክሮፎን የአንድ ደቂቃ ቅጂ 8.64 ሚሊዮን ባይት ይሆናል። ሠላሳ ሁለት ትራክ ያለው የአምስት ደቂቃ ዘፈን ወደ 1.4 ጊጋባይት ይጠጋል።

በዚያ ዘመን ኃይል ማለት ማስላት መቻል ነበር። ስሌቱ ሌሊቱን ሙሉ ቢወስድ እንኳን ውጤቱ እስከ ተገኘ ድረስ አቀናባሪው ይረካ ነበር።

3. ስቱዲዮው ሲጠብ

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የመጥበብና የመርከስ ታሪክ ነው። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጆን ቻውኒንግ በ1967 አንድን ሞገድ በሌላ ሞገድ በማንቀጥቀጥ በጥቂት ስሌት ብዙ ዓይነት ቃና ማውጣት እንደሚቻል ደረሰበት። ይህ ግኝት በ1983 በያማሃ ዲ ኤክስ 7 ኦርጋን ውስጥ ገብቶ በመላው ዓለም ተሰራጨ። በ1979 ደግሞ በአውስትራሊያ ፔተር ቮገልና ኪም ራይሪ የፈጠሩት ፌርላይት የተፈጥሮን ድምፅ ቀድቶ በኪቦርድ ማጫወት ቻለ፤ ይሁንና ዋጋው ከታዋቂ ሙዚቀኞችና ከትላልቅ ስቱዲዮዎች በቀር ለሌላው የሚቀመስ አልነበረም።

በጥር 1983 በአናሃይም፣ ካሊፎርኒያ በተካሄደው የሙዚቃ ዕቃዎች ትርኢት ላይ የሁለት ተፎካካሪ ፋብሪካዎች ኪቦርዶች በአንድ ገመድ ተያያዙ። አንዱ ሲነካ ሌላውም ጮኸ። ይህ ሚዲ የተባለው የጋራ ቋንቋ ሲሆን፣ አሜሪካዊው ዴቭ ስሚዝና ጃፓናዊው ኢኩታሮ ካኬሃሺ በመፍጠር ረገድ ግንባር ቀደም ነበሩ። የሚዲ ገመድ በሴኮንድ 31,250 ቢት ብቻ ያስተላልፋል፤ የሚያልፍበት ድምፅ ሳይሆን ትእዛዝ ነው። ትእዛዙም የትኛው ቃና፣ በምን ያህል ጉልበት፣ መቼ ተነካ የሚል ነው። በመሆኑም እጅግ ደካማ ኮምፒዩተር እንኳን አሥራ ስድስት ተጫዋቾችን እንደሚመራ መሪ ሆኖ ሊያገለግል ቻለ።

በ1985 የወጣው አታሪ ኤስ ቲ የሚዲ መሰኪያዎች ከፋብሪካው ተገጥመውለት መጣ። ማኅደረ ትውስታው 512 ኪሎባይት፣ የፕሮሰሰሩ ፍጥነት 8 ሜጋኸርዝ ብቻ ነበር። በሐምቡርግ የተመሠረተው ሽታይንበርግ ኩቤስ የተባለውን ሶፍትዌር በ1989 ያወጣው ለዚህ ማሽን ነው። በዚያው ዓመት የአታሪ ኩባንያ ስቴሲ የተባለ ተንቀሳቃሽ ዓይነት ሠራ። በባትሪ ለረጅም ጊዜ መሥራት ስላልቻለ ከግድግዳ መሰኪያ ብዙም ሊርቅ ባይችልም፣ ሙዚቃን ለመሥራት ከታሰቡት የዛሬው ላፕቶፕ ቅድመ አያቶች አንዱ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

የዚህ ዘመን ታሪክ የኢትዮጵያን ሙዚቀኞችም ነክቷል። የዋልያስ ባንድ መሪ የነበረው ኃይሉ መርጊያ ከባንዱ የአሜሪካ ጉዞ በኋላ በዋሽንግተን ቀርቶ በ1985 ለብቻው አንድ አልበም ቀዳ። በአኮርዲዮኑ ዙሪያ የሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና ዲ ኤክስ 7 ኦርጋን አሰልፎ የባንድን ሥራ አንድ ሰው ተወጣው። ከዓመታት በኋላም የታክሲ ሹፌር ሆኖ ሲሠራ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ በመኪናው ይዞ እየዞረ፣ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ይለማመድ ነበር። አልበሙ በ2013 ዳግመኛ ታትሞ ለአዲስ ትውልድ ደረሰ። ተንቀሳቃሽ መሣሪያ ለሙዚቀኛ ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። መሣሪያው ታላቅ ስለሆነ ሳይሆን ባለቤቱ በደረሰበት ስለሚደርስ ጥበቡን ጠበቀለት።

4. ቴፑ ሲሻር

ሚዲ ትእዛዝን ያዘ እንጂ ድምፅን አልያዘም። የድምፃዊው ጉሮሮና የመሲንቆው ጅራት አሁንም ቴፕ ይፈልጉ ነበር። በ1991 ዲጂዲዛይን የተባለው ድርጅት ፕሮ ቱልስን አቀረበ። የመጀመሪያው ዓይነት በአንድ ጊዜ አራት ትራክ የሚያስተናግድ ሲሆን ዋጋው ወደ 6,000 ዶላር ይጠጋ ነበር። የወቅቱ ፕሮሰሰር ሥራውን ብቻውን ሊሸከመው ስላልቻለ ለድምፅ ስሌት ብቻ የተሠሩ ተጨማሪ ካርዶች በኮምፒዩተሩ ውስጥ ይሰኩለት ነበር።

በ1996 ሽታይንበርግ ቪ ኤስ ቲ የተባለውን ሥርዓት ይፋ ሲያደርግ ይህ ሁኔታ መለወጥ ጀመረ። ቀድሞ በብረት ሣጥን ውስጥ የነበሩት የማሚቶ፣ የቃና ማስተካከያና የድምፅ መጭመቂያ መሣሪያዎች ሶፍትዌር ሆነው በኮምፒዩተሩ ፕሮሰሰር ላይ ይሠሩ ጀመር። ከሦስት ዓመት በኋላ የሙዚቃ መሣሪያዎቹ ራሳቸው ተከተሏቸው። በ2001 በበርሊን የወጣው ኤብልተን ላይቭ ደግሞ ላፕቶፕን ከስቱዲዮ ጠረጴዛ አንሥቶ መድረክ ላይ አቆመው። ኦዳሲቲን የመሰሉ በነፃ የሚገኙ ሶፍትዌሮች በ2000 መምጣታቸውም ቀረጻን ለመማሪያ ክፍል ሳይቀር አበቃው።

በኢትዮጵያም በ2010ዎቹ እንደ ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ ያሉ ወጣት አቀናባሪዎች የባህል መሣሪያዎችንና የባህል ዜማን ከኮምፒዩተር ድምፅ ጋር አዋሕደው ሥራቸውን ለዓለም አድማጭ አደረሱ። በአምሐ እሸቴ ዘመን በድምፃዊውና በአድማጩ መካከል የነበረው የባሕር ማዶ ፋብሪካ ከመካከል ወጣ።

ከዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባ አንድ ነጥብ አለ። ሁሉም ሥራ በአንድ ፕሮሰሰር ላይ ሲከማች «ኃይል» ለመጀመሪያ ጊዜ የጊዜ ጉዳይ ሆነ። የማቲውስ ማሽን ሌሊቱን ሙሉ ማስላት ይችል ነበር፤ በመድረክ ላይ ያለው ላፕቶፕ ግን ለእያንዳንዷ ሴኮንድ ድምፅ ስሌቱን ከሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ካልጨረሰ ድምፁ ይቆራረጣል።

5. መዘግየት፤ እውነተኛው መለኪያ

ኮምፒዩተር ድምፅን አንድ በአንድ ሳይሆን በእሽግ እያደረገ ይቀበላል። እሽጉ 256 ልኬቶችን የሚይዝ ከሆነና በሴኮንድ 48,000 ልኬት የሚሠራ ከሆነ፣ እሽጉ እስኪሞላ 5.3 ሚሊሴኮንድ ያልፋል። እሽጉ 1,024 ከሆነ 21.3 ሚሊሴኮንድ ይሆናል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ የመጀመሪያው መዘግየት አንድን ድምፅ ከሁለት ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ሆኖ እንደመስማት ነው፤ ሁለተኛው ከሰባት ሜትር በላይ ርቆ እንደመስማት ነው። ይህም የአንዱ አቅጣጫ ብቻ ሲሆን ድምፁ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ ያለው ከዚህ ይበልጣል።

አንድ መሲንቆ መቺ የገዛ ራሱን ድምፅ ከሰባት ሜትር ርቀት እየሰማ እንዲጫወት ቢገደድ እጁና ጆሮው ይጣላሉ፤ ምቱ ይጎተታል። ተመልካች «ተጫዋቹ ደከመ» ይል ይሆናል፤ ጥፋቱ ግን የማሽኑ ነው። ሽታይንበርግ በ1997 ኤሲዮ የተባለውን የድምፅ መተላለፊያ ያዘጋጀው ይህን ችግር ለማቃለል ነበር። ድምፁ የኮምፒዩተሩን አጠቃላይ ሥርዓት ዙሪያ ጥምጥም መንገድ ትቶ በአቋራጭ ወደ ድምፅ ካርዱ ይደርሳል።

ትንንሽ እሽጎችን ሳይቆራረጥ ማስተናገድ የሚችል ማሽን እንግዲህ ለሙዚቃ ኃይለኛ ነው። በማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው የኮሮች ብዛት ይህን ብቻውን አያረጋግጥም። በአንድ ትራክ ላይ የተሰለፉት የድምፅ ማስተካከያዎች አንዱ የሌላውን ውጤት የሚጠብቁ በመሆናቸው ሥራው ለብዙ ኮሮች ተከፋፍሎ ሊፈጥን አይችልም። ብዙ ኮር የሚጠቅመው ትራኩ ሲበዛ ነው፤ የአንዱን ትራክ ሰንሰለት የሚሸከመው ግን የአንዱ ኮር ፍጥነት ነው።

6. የታሪኩ ትምህርት ለገዢው

ከዚህ ሁሉ ጉዞ ለዛሬው ምርጫ የሚሆኑ መመዘኛዎች ይወጣሉ።

አንደኛ፣ ፕሮሰሰሩ ለአፍታ ብቻ ሳይሆን ለሰዓታት መፍጠን አለበት። ስስ ላፕቶፕ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ በመደብር ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ታይቶ የተደነቀ ማሽን በግማሽ ሰዓት ልምምድ ሊያነክስ ይችላል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ሊሠራበት የታሰበውን ሶፍትዌር ከፍቶ፣ እሽጉን ወደ 128 አውርዶ፣ ብዙ ትራክ ጭኖ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ማስሮጥ ከሻጩ ቃል ይልቅ የታመነ ምስክር ነው።

ሁለተኛ፣ የማኅደረ ትውስታው መጠን በሥራው ዓይነት ይወሰናል። ክራር፣ ከበሮና ድምፅ በማይክሮፎን ለሚቀዳ ቡድን 8 ጊጋባይት ሊያሠራ ይችላል፤ 16 ጊጋባይት ግን እፎይታ ይሰጣል። የሙሉ ኦርኬስትራን ድምፅ ከተቀዱ ናሙናዎች ለሚያጠራቅም አቀናባሪ 32 ጊጋባይትም ብዙ አይደለም። በብዙ ዘመናዊ ላፕቶፖች ላይ ማኅደረ ትውስታው ከዋናው ሰሌዳ ጋር ተበይዶ ስለሚመጣ በኋላ ሊጨመር አይችልም። ውሳኔው በግዢው ቀን የሚወሰን፣ ይግባኝ የሌለው ውሳኔ ነው።

ሦስተኛ፣ ዲስኩ የማይሽከረከረው ኤስ ኤስ ዲ የተባለው ዓይነት ይሁን። ፈጣን ከመሆኑም በላይ በመንገድ መንገላታትን ይችላል፤ ወደ ገጠር ወርዶ ዜማ ለሚቀዳ ሠራተኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም የትኛውም ዲስክ የማይጠፋ ዲስክ አይደለም። የቀረጻው ቅጂ በሌላ ዲስክ፣ በሌላ ቤት ካልተቀመጠ ተቀድቷል ማለት አያስደፍርም።

አራተኛ፣ ዝምታም ኃይል ነው። የጥንቱ ስቱዲዮ ማሽኑን በአንድ ክፍል፣ ተጫዋቹን በሌላ ክፍል ያኖር ነበር። ዛሬ ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠዋል። ማራገቢያው የሚያፏጭ ላፕቶፕ የበገናውን ዝቅተኛ ድምፅ ያበላሻል። ከ2020 ወዲህ ኃይል ቆጣቢ ፕሮሰሰር የተገጠመላቸው፣ ያለ ማራገቢያ የሚሠሩና ለብዙ ቀረጻ የሚበቁ ላፕቶፖች መገኘታቸው በዚህ ረገድ ትልቅ እርምጃ ነው።

አምስተኛ፣ ባትሪው የጌጥ ዕቃ አይደለም። መብራት በሚቆራረጥበት ስፍራ የድምፃዊውን ምርጥ አንድ ጊዜ የሚያድነው ባትሪ ነው። የኤሌክትሪክ መስመሩ በሚገባ መሬት ያልተያዘ ሲሆንም መሰኪያውን ነቅሎ በባትሪ መቅዳት የመስመሩን ጉርምርምታ ሊያስቀር ይችላል።

ስድስተኛና ምናልባትም ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው፣ በጀቱ በሙሉ ለላፕቶፑ መዋል የለበትም። ማሽኑ የሚሠራው በተሰጠው ድምፅ ላይ ነው። ደካማ ማይክሮፎን የያዘውን ድምፅ ኃይለኛ ፕሮሰሰር አያድነውም። መካከለኛ ላፕቶፕ፣ ደኅና የውጭ ድምፅ ካርድ፣ ታማኝ ማይክሮፎንና የጆሮ ማዳመጫ አንድ ላይ ሆነው ከአንድ እጅግ ውድ ማሽን የበለጠ ሥራ ይሠራሉ።

በኃይል ማነስ የሚሸማቀቅ ሙዚቀኛም ካለ ታሪክ ያጽናናዋል። በ1967 የወጣው የቢትልሶች «ሳርጀንት ፔፐር» የተቀዳው በአራት ትራክ ቴፕ ነበር። አራቱ ሲሞሉ ወደ ሌላ ቴፕ አጠቃለው እየገለበጡ ለአዲስ ድምፅ ቦታ ያስለቅቁ ነበር። ዛሬም ያለቀለትን ትራክ ከነማስተካከያው ወደ ተራ ድምፅ ለውጦ ፕሮሰሰሩን ማሳረፍ ይቻላል። መላው ያው ነው፤ ቴፑ ብቻ ተለወጠ።

7. ኃይል የማይፈታው ጥያቄ

አንድ ጥያቄ ግን በፕሮሰሰር ፍጥነት የሚመለስ አይደለም። ሚዲ በ1983 ሲወለድ ቃናዎችን ከ0 እስከ 127 ቁጥር ሰጣቸው። በእያንዳንዱ ቁጥርና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀትም በተለምዶ እኩል ነው። ይህ የፒያኖ ዓለም ነው። የክራር ዓለም ግን እንዲህ አይደለም። ክራር የሚቃኘው በድምፃዊው ጉሮሮ ልክ ነው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬም በየባለሙያው እጅ የሚለያዩ ጥቃቅን ርቀቶች አሏቸው። በተለይ የአንቺ ሆዬ ጠባብ ርቀቶች በኦርጋን ላይ ሲመቱ የሚጎድላቸውን ነገር ልምድ ያለው ጆሮ ወዲያው ይለየዋል።

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በብዙ ካሴቶች ላይ የትንፋሽ መሣሪያዎችን ቦታ አንድ ኦርጋን ሲተካ የጠፋው የተጫዋቾች ሥራ ብቻ አልነበረም፤ ቅኝቱም በፋብሪካው ልክ ተስተካክሎ ነበር። ማሽኑ ግን ለዚህ የተፈረደበት አይደለም። የሚዲ የቃና ማጠፊያ 16,384 ደረጃዎች አሉት፤ ከ1992 ጀምሮም ቃናዎችን እንደተፈለገ ለመቃኘት የሚያስችል የጋራ ደንብ ተዘጋጅቷል። ብዙ ሶፍትዌሮች ይህን ይቀበላሉ። የሚጎድለው የማሽኑ አቅም ሳይሆን የሚጠይቀው ሰው ነው። ሶፍትዌር የሚመርጥ መምህር «ስንት ድምፅ አለው?» ከማለቱ አስቀድሞ «ቅኝቱን ልለውጠው እችላለሁን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ከብዙ ጊጋባይት የሚበልጥ ነገር አተረፈ ማለት ነው።

እንግዲህ በ1944 የሽቦ መቅረጫ ተውሶ ወደ ዛር ቤት የገባው ወጣት የያዘው ማሽን በዛሬው ሚዛን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የሚያዳምጥ ጆሮና ያዳመጠውን የሚያከብር ሕሊና ግን ነበረው። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ከአዳራሽ ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ ጭን ወርዷል። ኃይልም በተራው መያዝ፣ ማስላት፣ ማዘዝ፣ መፍጠን፣ ዝም ማለት የሚል ትርጉም ይዞ እዚህ ደርሷል። ላፕቶፕ ለመግዛት የሚነሣ የኪነት ባለሙያ ይህን ተከታታይ ታሪክ በልቡ ይዞ ቢገባ፣ ሻጩን የሚጠይቀው ጥያቄ ይለወጣል፤ ከመደብሩም ይዞ የሚወጣው ማሽን የእርሱን ዜማ የሚያገለግል እንጂ ዜማውን የሚያስገብር አይሆንም።